ምዕራፍ ዘጠኝ

ደብተሩ አሁንም አለ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣
የጀርባው ማባዣ፣ ከሰባት በታች ያለው፣ በሻይ ተበክሎ።
ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፤
ሠላሳ አንዱን ጻፍነው፤ የቀረው ባዶ ነው።

ደብረ ሲና። አሥራ አንደኛ ክፍል።
ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ በተሰበረው መስኮት ሲገባ፣
እንኳን ሰሌዳው፣ የፊት ወንበሩ ልጅ ጀርባ
አልታይ ባለን ጠዋት፣
አንቺ ነሽ፣ ማስተዋል፣ «ልብ ወለድ እንጻፍ» ያልሽው፤
ጎዶሎ ቁጥር ምዕራፍ ላንቺ፣ ሙሉ ቁጥር ለእኔ
ብለሽ ያከፋፈልሽው።
ሙሉው ደረሰኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ የዋህ መሆኔ!

ጀግናውን ዳግም አልነው።
አንቺ በምዕራፍ አንድ የፊት ጥርሱን ሸረፍሽው፤
እኔ በሁለት፣ የተሳፋሪ መልስ ሊሰጥ
ከአውቶቡስ ኋላ አስሮጥኩት፣ ላብ እስኪያጠምቀው፤
በሦስት ደግሞ ካኪ ሱሪው ኪስ ውስጥ
ገብስና ሽንብራ ቀላቅለሽ ጨመርሽበት።
«ማን ነው?» አላልሽኝም።
«ማን ነው?» አላልኩሽም።
ሸዋንግዛው ሁለት ወንበር ከኋላችን ቆሎውን እየቆረጠመ፣
መጻፉን ሳያውቅ፣ ሒሳቡን ከእኔም ካንቺም ገለበጠ።

ፍጹም አልነበረም፣ እሱስ እውነት ነው።
ቀጥሮ ይረሳል።
ይቅርታ ማለት ሲገባው ይስቃል።
መናኸሪያ ቆሎ ሲሰፍር
አውራ ጣቱ ጣሳው ውስጥ ይገባል።
እኔ እንግዲህ ያንን አውራ ጣት ነው የወደድኩት፤ ምን ላድርግ።

በምዕራፍ ስምንት
ዳግም ልጅቷን፣ «ቅዳሜ ከዋሻው በላይ ነይ፣ ቆላውን ላሳይሽ» አላት።
ቀኑንም ሰዓቱንም አልቀየርኩም ነበር።
በአፌ ያልነገርኩሽን
በቀይ እስክሪብቶ ነገርኩሽ፤ ፈሪ እንዲህ ነው ሲናገር።

ምዕራፍ ዘጠኝ፣ በሰማያዊ፣ አራት መስመር፦
«መኪናው ቁልቁለቱን ጀመረ።
ፍሬኑ እምቢ አለ።
ልጅቷ ጩኸት ሰማች፤ ጉም ነበር።
ከእንግዲህ ዳግም የለም።»

ገደልሽው!
ዓርብ በኮሪደሩ አለፍኩሽ፣ ሰላምታሽን ረግጬ፤
ቅዳሜ ከዋሻው በላይ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣
ሰባት ሰዓት። ስምንት።
ዘጠኝ ላይ ጉሙ ከታች ተነሣ፤
ቆላው ጠፋ፣ መንገዱ ጠፋ፣ እግሬን ባየው እሱም ጠፋ።
ሸዋንግዛው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ብይ ይጫወት ነበር አሉ፤
ሰው ሞቷል ተብሎ የተጻፈበት ልጅ፣ እየሳቀ፣ በሙሉ።

«ነይ» አለኝ ድምፅሽ።
«ለእናትሽ እኛ ቤት ፊዚክስ እያጠናች ነው ብያታለሁ።»
ሌላ ቃል አልነበረም።
መጣ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም።
የዝናብ ላስቲኩን ለሁለት ቀደድሽ፤ ትልቁን ግማሽ ሰጠሽኝ።
መኪና በመጣ ቁጥር መብራቱ ሳይሆን ድምፁ እየቀደመን
ወረድን፤
እኔ በተራራው በኩል፣
አንቺ በገደሉ በኩል።
«እንቀያየር» ብልሽ
እጄን ጠበቅ አደረግሽ።

ቆይቼ ነው ደብተሩን ወደ መብራት ያስጠጋሁት።
«የለም» ያልሽበት ቦታ ሰማያዊው ወረቀቱን በስቶታል፤
ከጀርባው በጣት ይዳሰሳል።
ለካ የገደልሽው
የኔን አልነበረም።

አሁን አንቺ ሸዋ ሮቢት፣ መድኃኒት ቤት፤
እሱ የመሐል ሜዳን መንገድ በአይሱዙ ይመላለሳል።
ባለፈው ተሳፍሬ ነበር፤
ጥርሱ እንደ ተሸረፈ ነው፤ ሳቀልኝ፤
መልሴን ግን አልሰጠኝም።

ምዕራፍ አሥር የኔ ተራ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኔ ተራ ነው።
ትናንት ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ፤ አንድ መስመር ብቻ ወጣልኝ፦
«ልጅቷ በገደሉ በኩል የሄደችውን ስሟን ጠራቻት።»
አሥር ሙሉ ቁጥር ነው ይላሉ።
እንጃ።